ሣራ የለቀቀችው መቀመጫ

እናንተ ባሕር ዳር ያላችሁ እህቶቼ ካርቱምን የምታውቋት በስደትና በሙቀት ነው። እኔ ደግሞ ዛሬ የማወራችሁ በብስክሌት ሽርሽር ስለ መውጣት ነው። «አሮጊቷ ለየላት» በሉኝ፤ ግዴለም። በታኅሣሥ እዚህ ብርድ አለ ብላችሁስ ታምኑኛላችሁ? ለእኛ የግንቦት ጠዋት በሚሆን አየር ሱዳኖቹ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበው፣ ጆሯቸውን በሻርፕ ጠቅልለው ይሄዳሉ።

ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ በማታ ነው። ስለዚህ የተጣመመ ነገር ስታገኙ አቃንታችሁ አንብቡት። ብስክሌት ግን ከፊደል በፊት ነው የማውቀው። ታስታውሱ የለም፣ በሐይቁ ዳር በሰዓት እየተከራየን፣ ቀሚሳችንን ጉልበታችን ላይ ቋጥረን፣ አንዳችን ስንነዳ ሌላችን ከኋላ ተፈናጠን? እዚህ ሴት ብስክሌት ላይ ማየት ብዙም አልተለመደም። የምንኖርበት ሐጅ ዩሱፍ ግን እኔን ለምዶኛል። የሰፈር ልጆች «የሐበሻዋ ሐቦባ መጣች!» እያሉ ባለ ሦስት እግሩን ረክሻ ሁሉ ያስቆሙልኛል። ሐቦባ አያት ማለት ነው።

በየዓመቱ በብርዱ ወራት ልጄ ትርሲት፣ ባሏ ኻሊድ፣ የልጅ ልጄ ሣራና እኔ በብስክሌት ወደ ኻሊድ እናት፣ ወደ ሐጃ ዘይነብ እንሄዳለን። መንደሯ ከዒለፉን አለፍ ብሎ የዓባይ ዳር ነው። በሚኒባስ፣ እነሱ ሐፍላ በሚሉት፣ ጠዋት ተነስቶ ለምሳ ይደረሳል። እኛ ግን ሁለት ቀን እናደርገዋለን። መንገዱን ልንጨርሰው ሳይሆን ልናጣጥመው ነውና።

ሣራ በመጀመሪያው ዓመት ከፊቴ ባለ ቅርጫት ውስጥ እንደ ጎመን ተቀምጣ ሄደች። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላዬ አዞርኳት። ካረጀ ጋቢዬ ትራስ ሰፍቼ የኋላውን መቀመጫ ብረት አለበስኩላት። ልጅ ሲያድግ ሌላው ሰው በዓይኑ ያያል፣ እኔ በጀርባዬ ነው ያወቅሁት። መጀመሪያ ጭንቅላቷ ወገቤ ላይ ነበር። ቀጥሎ ትከሻዬ መካከል ደረሰ። አምና አገጯን ትከሻዬ ላይ አስደግፋ በጆሮዬ ስታወራ ከረመች፤ እግሯ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ጉልበቴም «በቃ» አለኝ።

ዘንድሮ ታዲያ ኻሊድ ያገለገለ ብስክሌት አግኝቶ አረንጓዴ ቀለም ቀባላት። ሣራ አሥር ዓመቷ ነው። ብስክሌቱን ማታ ማታ እንደ ጥጃ እየዳሰሰች ነበር የምትተኛ። ወሬው ሐጃ ዘይነብ ዘንድ ደረሰና በስልክ ተናገረች፦ «አሥር ዓመት የሞላት ሴት ልጅ በሰው ፊት ዐጀላ አትነዳም።» ዐጀላ ብስክሌት ነው። ኻሊድ በእናቱ ድምፅ ላይ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው አይደለም። ከመነሣታችን በፊት ልጁን አስቀምጦ ነገራት።

«እስከዚያ ንጂ። እናቴ ‘ውረጂ’ ካለች ግን ትወርጃለሽ። ዐጀላው እዚያው ለአጎትሽ ልጅ ይቀራል፣ አንቺ በሐፍላ ትመለሻለሽ። ገባሽ?»

«ገባኝ፣ ባባ» አለች። እኔ የሴት ወገን ነኝ፤ በሰው እናት ቃል ላይ ቃል አልጨምርም።

በመጀመሪያው ቀን ጎህ ሳይቀድ ወጣን። ኻሊድ ከፊት፣ ሣራ ቀጥላ፣ ትርሲት ከኋላዋ፣ እኔ መጨረሻ። ትርሲት «እማዬ፣ ያንን ትራስ ፍቺውና ጓዙን እንጫንበት» አለችኝ። ልፈታው ብሞክር እጄ እምቢ አለኝ።

«ይቆይ፤ ልጅቷ ቢደክማትስ?»

«አይደክመኝም!» አለች ሣራ በአማርኛ፤ ስትናደድ አማርኛዋ ይጠራል።

ሐጅ ዩሱፍን እስክንወጣ የአህያ ጋሪውና የረክሻው ግፊያ ነው። ኡም ዶም ስንደርስ ግን የሎሚና የማንጎ እርሻ ይመጣል፣ አየሩ ይሸታል፤ ዘጌ የገባሁ ነው የሚመስለኝ። ዓባይንም እዚያ አየነው። እናንተ ዘንድ እንደዚያ የሚያገሳው፣ ገደል ለገደል የሚወራጨው፣ እዚህ ጡረታ የወጣ ሰው ሆኖ ዝግ ብሎ ይሄዳል። በታኅሣሥ ውሃው ይጠራል። ወርጄ ፊቴን ታጠብኩበትና «እንደምን ከረምክ፣ የአገሬ ልጅ» አልኩት። ኻሊድ በየዓመቱ ይስቅብኛል፣ እኔም በየዓመቱ እለዋለሁ።

መከራችን ከዚያ በኋላ ጀመረ። ኻሊድ «አቋራጭ አውቃለሁ» አለ። አቋራጩ የግራር ደን ሆነና የሦስታችንን ጎማ እሾህ በላው። የሣራ ብቻ ደህና ቀረች። ማስቲሹ ቱቦው ውስጥ ድንጋይ ሆኗል። እኛ ትልልቆቹ ብስክሌታችንን እየገፋን፣ እሷ በዙሪያችን እየዞረች፣ «አይዟችሁ፣ ልትደርሱ ነው!» እያለች አሾፈችብን።

የእኛ ጎሚስታ እነሱ ዘንድ በንሸር ይባላል። መንገድ ዳር ያገኘነው በንሸር ዓም እድሪስ፣ አጎት እድሪስ እንደማለት፣ የሚባል ነጭ ጢም ያለው ሰው ነው። ካላማዳሪውን በውሃ ሳህን ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚያወጣውን ቀዳዳ ሲፈልግ ሣራ ጣቷን እየቀሰረች «እዚህም! እዚህም!» አለችው። ሠርቶ ሳይጨርስ ፀሐይ አዘቀዘቀች። ኻሊድ «እንሂድ» ሲል ዓም እድሪስ የያዘውን ፖምፓ መሬት ላይ ጣለው።

«ዐለይ ጠላግ! ዛሬ ከዚህ አትንቀሳቀሱም!»

ይህ የሱዳን ወንድ መሐላ ነው፤ «እምቢ ካላችሁኝ ሚስቴ ትፈታ» እንደማለት። እኛ «በሞቴ» ስንል በራሳችን ነፍስ እንምላለን። እነሱ በሚስታቸው።

ከአጥሩ ጀርባ የሴት ድምፅ መጣ። «እድሪስ! ዛሬ ይህ ስንተኛ መፈታቴ ነው?»

«ሁለተኛሽ ነው፣ ፋጥና!»

«የጠዋቱስ በምን ነበር?»

«አንድ ሾፌር ሻይ አልጠጣም ብሎኝ።»

«ጠጣ?»

«ጠጣ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለችና ፋጥና እየሳቀች ወጥታ እኔንና ትርሲትን በእጃችን ይዛ አስገባችን። የሰው ትዳር በእኛ እጅ ላይ እንዴት ይፍረስ? አደርን።

በገመድ የተጠለፈ አልጋ፣ ዐንገሬብ የሚሉትን፣ ግቢ አውጥተው ብርድ ልብስ ቆለሉብን። ራት ፉል ነው፤ ባቄላው በሰሊጥ ዘይት ታሽቶ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ተከትፎበት። ጾመ ነቢያት ስለ ነበር ለእኔ ከዚህ የተሻለ የለም። በወተት የፈላ ሻይ ስትቀዳልኝ ግን እጄን ብርጭቆው ላይ ጋረድኩ። ፋጥና ወዲያው ገባት። «ሐበሾች ጎረቤቶች ነበሩኝ። ከከብት የወጣ አይነካም፣ አይደል?» ብላ ጥቁር ሻይ ለወጠችልኝ። እኔም የሱዳን ሴት ሁሉ ጾማችንን ያውቃል ብዬ ልቤን ጥዬ ተኛሁ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። በሌላው ዓመት ወደ ሐጃ ዘይነብ የምንሄደው ከገና በኋላ ነበር፤ ዘንድሮ የሣራ ትምህርት ቤት ቀድሞ ስለ ዘጋ በጾሙ ገባን። ሐጃ እኔን ጾመኛ ሆኜ አይታኝ አታውቅም።

በሁለተኛው ቀን የሰሜን ነፋስ ከኋላችን ሆኖ ይገፋን ጀመር። በሶባ በኩል ስናልፍ ኻሊድ ጉብታዎች አሳየን። ቀይ የጡብ ስብርባሪ እንጂ ሌላ የሚታይ የለም። «ድሮ የክርስቲያን ከተማ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያንም ነበረበት ይላሉ፣ ኸልቲ» አለኝ፤ አክስቴ ማለቱ ነው፤ አማቱን እንዲያ ነው የሚጠራ። ወርጄ ተሳልሜ አለፍኩ። ፍየሎች ናቸው የሚሰማሩበት።

ከዒለፉን ወዲያ አስፋልቱን ለቀን በአሸዋ ላይ ስንገባ ሣራ ወደቀች። የፊቱ ጎማ አሸዋ ውስጥ ሰምጦ እሷን በግንባሯ ወረወራት። ጉልበቷ ተልጦ ደማ። አነሣኋት፣ በውሃ አጠብኩላት። ከዚያ ትራሱን መታ መታ አደረግሁና «ነይ፣ ትንሽ እዚህ ተቀመጪ፤ ብስክሌትሽን አባትሽ ይጎትተዋል» አልኳት።

ትራሱን አየችው። ብዙ አየችው። እንባዋ እየወረደ «እዚህ ላይ ሆኜ ከገባሁ ሐቦባ ‘ያውልሽ፣ አልቻለችም’ ትላለች» አለችኝ። ብስክሌቷን አነሣች፣ አፍንጫዋን ጠረገች፣ ወጣችበት። ያን ጊዜ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ግማሽ ልቤ ተከፋ። ትመጣለች ብዬ ነበር። ሌላው ግማሽ እልል አለ።

መንደሩ መግቢያ ላይ ኻሊድ ወርዶ መግፋት ጀመረ። «ባባ፣ ልውረድ?» አለች። እሱም ወደ እናቱ ቤት አየ፣ ወደ ልጁ አየ። ትርሲት «ንጂ!» አለቻት። ነዳች። ሴቶች በየደጁ ወጡ። ሐጃ ዘይነብ ነጭ ቶብ ተከናንባ በር ላይ ቆማለች። ሰላምታ እዚህ አገር እንደ እኛ ዝቅ ብሎ መሳም አይደለም፤ ትከሻ እየመቱ «ከይፍ? ጤና? ልጆች? ቤቱ?» ነው፣ አንዱ ሳይመልስ ሌላው ይጠይቃል። ሁላችንንም አቀፈች፣ ሣራንም አቀፈች። ከዚያ ልጇን «ዐጀላውን ከፍየሎቹ ቤት ኋላ አስገባው፣ ሰው እንዳያየው። ነገ እንነጋገራለን» አለችው።

ኻሊድን አጎቶቹ፣ ትርሲትን ለሒና የተሰበሰቡ ዘመዶች ይዘው ሄዱ። እኔና ሣራ ከሐጃ ጋር ቀረን። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ እኔ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፣ አሁን ይፈቀድልኛል። ሐጃ ትልቅ ኩባያ ወተት ይዛ መጣች።

«ወላሂ፣ ሳይማ ነኝ፤ ጾም ላይ ነኝ» አልኳት።

ደነገጠች። «ጾም! በዚህ መንገድ ላይ! በዐጀላ!» ወተቱን መለሰችው። ቀጥላም ከፊቴ ያለውን የውሃ ማሰሮ አነሣችው። ሻይ የሚጠጡትን ሴቶች «ውጡ፣ ውጡ፣ በጾመኛ ፊት አይጠጣም» ብላ ከነብርጭቋቸው አስወጣቻቸው። ለካስ የእነሱ ጾም እስከ ፀሐይ መግቢያ ምንም አለመቅመስ ነው!

ላስረዳት አፌን ስከፍት ወደ ሣራ ዞራ እንዲህ አለች፦ «አየሽ ይህችን ሴት? ለመንገደኛ መብላት ተፈቅዶለታል፣ እሷ ግን ጾማለች። ጠንካራ ሴት ናት።» ዓይኗ ውስጥ ከዚያ በፊት ያላየሁት አክብሮት ነበር። እኔም አሰብኩ። እስከ መግሪብ፣ እስከ ማታው ጸሎት፣ ብታገሥ፣ ይህ አክብሮት ነገ ስለ ሣራ ብስክሌት የምለውን አንድ ቃል ያሰማልኝ ይሆናል። አፌን ዘጋሁ። ዋጋዬን አገኘሁታ! ጉሮሮዬ እንደ ጥድ ቅርፊት ደርቆ፣ የተነሣውን ማሰሮ በዓይኔ እየተከተልኩ፣ ፀሐይዋ የማትወርድ መሰለኝ። ሣራ በጆሮዬ «እማማ፣ ውሃ ልስረቅልሽ?» አለችኝ። «አርፈሽ ተቀመጪ» አልኳት።

አዛን ሲሰማ ሐጃ በሁለት እጇ ቴምርና ውሃ ይዛ ሮጣ መጣች። ውሃው እንዴት እንደሚጣፍጥ! ቀጥሎ ሁለት ሴቶች ትልቅ ትሪ ተሸክመው ገቡና ክዳኑን አነሡ። ጉበት። ዶሮ። በሥጋ የተሠራ መረቅ። እርጎ የፈሰሰበት ሰላጣ። ለእኔ ብላ ከሰዓት በኋላ በግ አሳርዳለች።

እጄ ቴምሩ ላይ ቀረ።

«ብዪ እንጂ፣ ኡም ትርሲት!» አለችኝ፤ የትርሲት እናት ማለቷ ነው።

ከዚህ ወዲያ ማምለጫ የለም። «ሐጃ ዘይነብ፣ ይቅር በይኝ። የእኛ ጾም በሰዓት አይደለም፣ በዓይነት ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እስከ ገና የለም።»

«ውሃስ?» አለች ቀስ ብላ።

«ውሃ... ይፈቀዳል።»

«ስወስደው ዝም አልሽ?»

«ዝም አልኩ።»

ግንባሯን መታ አደረገች። «ያ ረቢ! የዓባይ ዳር ቤት ተቀምጬ እንግዳዬን በውሃ ጥም ገደልኳት!» ስቃ ልትጨርስ ስትል ትሪውን አየችና ሳቁ ፊቷ ላይ ደረቀ። ያ ሁሉ ምግብ ተዘርግቶ እንግዳ የሚበላው የለም። በዚህ አገር ለቤት እመቤት ከዚህ የከፋ ውርደት የለም። «ፉል» አለች ብድግ ብላ። «ፉል ያለው ሱቅ አስፋልቱ ዳር ነው። ወንዶቹ መስጊድ ናቸው። ረክሻው ሄዷል።» ግቢውን ዞረች። «ምን ይሻለኛል?»

«ሐቦባ፣ እኔ እሄዳለሁ» አለች ሣራ።

ሐጃ ወደ ፍየሎቹ ቤት አየች። ወደ እኔ አየች። ከዚያ ከማእድ ቤት ክዳን ያለው ጣሳ አምጥታ ሣራ እጅ ላይ አኖረች።

«የሐጃ ዘይነብ ነው በይው። የሰሊጥ ዘይት ለብቻው። ያላ፣ ጨለማ ሳይቀድምሽ!»

ሣራ ወጣች። ሐጃ በር ላይ ቆመች፣ እኔ ከጎኗ። አቧራው ቀይ ሆኖ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወረደ። «ፍየል ብትገባባትስ?» አለች ሐጃ። ትንሽ ቆይታ «አሸዋው ላይስ?» አለች። እኔም የማስበው ያንኑ የወደቀችበትን አሸዋ ነበር። ጎረቤት ሴት ብቅ ብላ «ሐጃ፣ የአንቺ ልጅ ናት በዐጀላ ያለፈችው?» ስትላት «የእኔ ናት፣ ምን ሆነች?» አለቻት፣ ሴትዮዋም ተመልሳ ገባች።

ደወሉ ተሰማ። ቅጭል፣ ቅጭል። ሣራ ጣሳውን መሪው ላይ አንጠልጥላ መጣች። ሐጃ ልጅቷን ሳታይ ጣሳውን ተቀበለች፣ ከሥሩ ዳሰሰችው፣ ጣቷን አየች።

«ጠብታ አልፈሰሰም» አለች።

ያን ምሽት የበላሁትን ፉል እስክሞት አልረሳውም።

በሦስተኛው ቀን ሐጃ ስለ ብስክሌቱ የምትለውን ሁላችን እየጠበቅን ነበር። እሷ ግን ሣራን ስኳር ላከቻት። ቀጥሎ ክብሪት። ቀጥሎ ሳሙና። ባለ ሱቁ «ሐጃ ሱቁን ወደ ቤቷ ልታጓጉዘው ነው ወይ?» አለ አሉ። ኻሊድ አላስችል ብሎት «እማ፣ ነገ ሣራን በሐፍላ ልላካት?» ብሎ ጠየቃት።

«ሐፍላ ሰው ያጨናንቃል» አለችው፣ ባቄላ መልቀሟን ሳታቋርጥ።

ሣራ ምሰሶ አቅፋ ዘለለች። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ከሰዓት በኋላ ሐጃ የእኔን ብስክሌት ስትዞር አገኘኋት። ትራሱን ተጫነችው። «ይህ የማን ነው?»

«የሣራ ነበር። አደገችበት።»

«ባዶውን ይዘሽው መጣሽ?»

«ባዶውን።»

ወደ ጎዳናው ግራና ቀኝ አየች። «እህቴ ከቦዩ ማዶ ናት። እግሬን ካመመኝ ወዲህ አላየኋትም። ለዚያች ታህል መንገድ መኪና አይጠራ፣ አህያ አሳፋሪ ነው...» ብላ ተወችው። እኔም ብስክሌቱን አዘንብዬ ያዝኩላት። ቶቧን ሰብስባ እግሯን በአንድ በኩል አድርጋ ተቀመጠች። ከሣራ ትቀላለች፣ እመኑኝ፤ ቀጭን ሴት ናት። ወገቤን አንቃ ይዛ «ቀስ! ቀስ! በአላህ!» አለች እስከ ቦዩ ድረስ። ድልድዩን እንዳለፍን ግን እጇ ላላ። «ከዚህ ፍጥነት ሌላ አታውቂም?» አለችኝ። ሣራ ከፊታችን ደወሉን እየደወለች «መንገድ ልቀቁ! ሐቦቦቼ መጡ!» እያለች ትጮሃለች። እህቷ ደጅ ላይ ስታየን የያዘችውን ወንፊት ጣለችው፤ ሁለቱ ተቃቅፈው የሳቁትን ሳቅ ብትሰሙ!

በአራተኛው ቀን ልንነሣ ስንል ትራሱ የለም። ፈለግን። ሐጃ አልጋዋ ላይ አስቀምጣው፣ ክንዷን አስደግፋበታለች። «እዚሁ ይቆይ» አለች። «ከሌለ ከርሞ አትመጡልኝም።» የጾም ፉል ደግሞ በሁለት ጣሳ አሰረችልኝ።

ስንመለስ ያ የሰሜን ነፋስ ፊት ለፊት መጣ። የኋላዬ ብረት ትራስ ስለሌለው በየጉድጓዱ ይንኳኳል። ኻሊድና ትርሲት ርቀው ሄዱ። እኔ አንገቴን ደፍቼ እታገላለሁ፤ አሸዋ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ቀና ስል ሣራ መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቀኛለች። ስለ ዘገየሁባት ተናድዳ ይሁን ብዬ ሳስብ ብስክሌቷን ከፊቴ አስገባች።

«እማማ፣ ከኋላዬ ተጠጊ። በጣም ተጠጊ። ንፋሱን እኔ እይዝልሻለሁ።»

ተጠጋሁ። ጠባብ ጀርባዋ ሸሚዟ በነፋስ ተነፍቶበት ከፊቴ ነበር፤ እኔም ፊቴን ከኋላዋ ሸሸግሁ፣ እሷ በእኔ ኋላ ትሸሸግ እንደ ነበረው። እስከ ዓም እድሪስ በንሸር ድረስ እንደዚያ ሆነን ሄድን፤ ዓም እድሪስ ከሩቅ ሲያየን ፖምፓውን አነሣና ወደ ሰማይ አወዛወዘልን።